አመለጠኝ

ጅማ መናኸሪያ፣ ከቲኬት መስኮቱ ጀርባ፣
ዝናቡ ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ ሰው ሳይወጣ ሰው ሳይገባ፣
ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ይዤ፣
በተሰረዘ ቲኬት ላይ ምሳሌ እገለብጣለሁ ተክዤ።

«ቃል ብቻውን አትልቀም» ይለኛል መምህር ተማም፣
«ከጎረቤቱ ካላየኸው ከአፍህ ጋር አይስማማም።»

እውነቱን ነው።
እኔን ብርድ ይመታኛል፤ እንግሊዞቹ ብርድ ይይዛሉ፤
እኔን እንቅልፍ ይወስደኛል፤ እነሱ እንቅልፍ ላይ ይወድቃሉ፤
አውቶቡስ በኛ ያመልጣል፣ ተሳፋሪው ምን በወጣው!
በነሱ ግን ሰውዬው ነው አውቶቡሱን ስቶ የሚያጣው።

እዚያው ቃል ሥር ደግሞ፣ ሁለት መስመር ወረድ ብሎ፣
ያንኑ «ሚስ» የሚሉትን አገኘሁ፣ «ናፈቅሽኝ» ሆኖ ውሎ።
ላመለጠ መኪና፣ ለራቀ ሰው፣ አንድ ቃል!
ንፉግነት ይሁን ብልሃት ማን ያውቃል?

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

ሳዲያ በንጋቱ መኪና ወደ መቱ የሄደች ዕለት
ቲኬቷን የቆረጥኩላት እኔ ነኝ፣ በዚህችው መስኮት።
«አንተስ ምን ትላለህ?» ስትለኝ፣ መልስ ሰጠኋት፤
አሥራ አምስት ብር ነበር፣ ቆጥሬ ያስረከብኳት።

ይኸው ሁለት ክረምት «አመለጠችኝ» እያልኩ ሳወራ፣
እሷን ሯጭ አድርጌ፣ የኔን ስም ሳልጠራ፣
ዛሬ ከመጽሐፍ ያልቀዳሁት አንድ መስመር ጻፍኩ፤
«ሳትኳት» ይላል።
የሷ ባይሆን፣ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሆንኩ።

መምህሩ ነገ ቀይ ያሰምርበት ይሆናል።

አንዱ መስኮቱን አንኳኳ፣ ውሃ ከኮፍያው እየተንጠባጠበ፤
«የአጋሮው ወጣ?»
«ሳትከው» አልኩት።
ግራ ገባው መሰለኝ፤ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ አሰበ።