ጾመው ይምጡ

ደብዳቤው አጭር ነው፦ «ነገ ጾመው ይምጡ፤
ከምሽቱ አራት ሰዓት ወዲያ፣ ከውኃ በቀር አይጠጡ።»
በሦስት ቋንቋ ታትሞ፣ በየበሩ ሥር ገባ፤
በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ፣ አገዳው ሲያወጣ አበባ።

እኔ ሮዝሜ ነኝ፣ የሞሪሸስ ነርስ፤ መርፌ ያዥ፣ መዝገብ ጠባቂ፤
ሰላሳ ዓመት ሙሉ ያንኑ ጥያቄ ጠያቂ፦
«ሻይዎ ስንት ማንኪያ ይይዛል? ሌሊት ውኃ ይጠማዎታል?
ዳገት ሲወጡ ደረትዎን አንዳች ነገር ይይዝዎታል?
አባትዎስ በስንት ዓመታቸው፣ በምን ነበር የሞቱት?»
ይህን ጎረቤት ቢጠይቅ፣ በዱላ ነው የሚሸኙት።

ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ፣
ቁርስ ያልቀመሰ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ሲታይ፣
ማዳም ላቦንቴ በዐቢይ ጾም ሥጋ ብቻ ነው የምትተው፤
ሱክዴዎ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ለሐኑማን ነው የሚጾመው፤
ጉላም ረመዷኑን ይይዛል፤ ሴልቫም ለካቫዲ በዓል
አሥር ቀን ከሥጋ ርቆ፣ ጉንጩን በብር መርፌ ይበሳል፤
(የእኔን መርፌ ሲያይ ግን፣ ፊቱን አዙሮ ያለቅሳል።)
አፉክ ምንም አይጾምም፤ ሱቁን እንኳ ዘግቶ አያውቅም፤
ዛሬ ሁሉን ያስተባበረ ጾም፣ ቄስም ኢማምም አላወጀም።

አያቶቻቸው የመጡት በመርከብ ሆድ ተጠቅጥቀው፣
ገሚሱ በሰንሰለት፣ ገሚሱ በውል ወረቀት ታስረው፤
ቆረጡ፣ ጨመቁ፣ አፈሉ፤ ጣዕሙን ባሕር ማዶ ሰደዱ፤
እነሱ ሩዝና ጨው፣ ጨውና ሩዝ ለመዱ።
ይኸው በልጅ ልጅ ዘመን፣ ዕዳው ዞሮ ቤት ሲመታ፣
ስኳሩ ማጭድ ጨብጦ፣ አጫጁ ቆመ በአገዳ ፈንታ።

ሱክዴዎ አርባ ዓመት ሙሉ አገዳ ሲቆርጥ ነበር፤
ባለፈው ዙር ሳገኘው፣ በክራንች ቆሟል ከበር፤
«ተካክሰናል» አለኝና፣ ሳቀ ሱሪውን እያጠፈ፤
«እኔ የእሱን አገዳ፣ እሱ የእኔን አገዳ ቀጠፈ።»

ቅጹ ላይ «ዘር» የሚል ሣጥን አለ፤ «አንዱን ብቻ ይምረጡ»፤
የአፉክ የልጅ ልጅ ሦስት ነካች፤ ሦስቱም ኮምፒውተሩን አስቆጡ።
«የትኛዋን አያቴን ላስቀይም?» አለች፣ ክንዷን ዘርግታ፤
በሃካ፣ በክሪዮል፣ በታሚል፣ እስከ አሥር ቆጠረች በዝግታ።

ዋና ከተማ ያሉት ሐኪሞች ነጥብ ከነጥብ ያጋጥማሉ፤
«ኩርባው ሽቅብ ወጣ» ይሉና፣ በስብሰባ ላይ ያሳያሉ፤
እውነታቸውን ነው፤ ካልቆጠሩት፣ ሕመም ዝም ብሎ ይገባል፤
ግን እኔ ከነጥቦቹ ጋር ሰላምታ አለኝ፤ አንዱ ነጥብ ያስላል፣
አንዱ ማንጎ ያስቋጥረኛል፣ አንዱ ስለ ልጄ ይጠይቀኛል።

ማዳም ላቦንቴ ሃያ ዓመት፣ «አንድ ማንኪያ» ብላ አስጻፈችኝ፤
ዘንድሮ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አራት ነው» ብላ ነገረችኝ፤
«ያኔ ልጅ ነበርሽ፤ ፊትሽ እንዳይከፋ ሰጋሁ።»
ስንት ሠንጠረዥ ላይ ያቺ የይሉኝታ ማንኪያ እንዳለች አሰብሁ፤
ሳልሰርዛት፣ ከጎኗ «አራት» ብዬ፣ ቀኑን ጻፍሁ።

ሰልፉ አልቆ፣ በረዶው ቀልጦ፣ ወንበር ስንደረድር፣
ሱርሳቲ መጣች፣ የሱክዴዎ ሚስት፤ ነጭ ለብሳ፣ ቆመች ከበር።
«በዝናቡ ወቅት ነው» አለች፤ «ልቡ ነው፤ ሌሊት፤ ሳይነግረኝ።
ደብዳቤው ግን በስሙ መጣ፤ ጾመው ይምጡ ይላል፤ ከበደኝ፤
በከንቱ ከሚቀር ብዬ፣ እኔ ጾሜለት አደርሁ።»

ቁጥር የላትም፤ ናሙናው ውስጥ የለችም፤ መርፌውን መለስሁ፤
በእሱ መስመር ጫፍ ላይ አንዲት ቃል፣ «ልብ»፣ አሰፈርሁ።
ቴርሞሱን ከፈትሁ፤ ሻይ ቀዳሁላት፤ ብስኩት አቀረብሁ፤
የስኳሩን ጣሳ እንዳለ ወደ እጇ አስጠጋሁ፤
ስንት ማንኪያ እንደጨመረች፣ አልቆጠርሁም፤ ወደ አገዳው ዞርሁ።