አርባ አንድ

መስኮት ቁጥር ሁለት፣ እሱ ነው ቦታዬ፤
ማኅተም በግራዬ፣ በቀኝ መቁጠሪያዬ።
በዚህች ጠፍ አውራጃ፣ በዳኮታ ሜዳ፣
እኔ ነኝ የምጽፍ የበረዶን ዕዳ።

ሚያዝያ ላይ መጣ፣ ሣር ላቆጥቁጥ ሲል፣
ከብት የብርድ ጠጉሩን አራግፎ ሲጥል።
መጀመሪያ ዝናብ፣ አጥንት ድረስ ዘልቆ፣
ቀጥሎ ነፋሱ፣ እርጥቡን ጠብቆ።
ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት ጠፍቶ ሰማይ ምድሩ፣
ተቀብሮ ዋለ ከነሽቦው አጥሩ።
ከብቱ ነፋስ ሸሽቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ
ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ፣ በበረዶው ወጥቶ፣
የማያየውን አጥር በእግሩ ተሻግሮ፤
ወንዙ ሥር ተገኘ፣ እላይ በላይ ተከምሮ።

ሐርላን ቶርስታድ መጣ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣
ኮፍያውን ይዞ፣ እንደ ለቅሶ ቤት።
የአባቴ ጎረቤት፣ ድርቆሽ አብሮን ያሰረ፣
ከጭቃ መኪናዬን ሲጎትት የኖረ።
ዛሬ ግን መስታወት አለ በመካከል፤
«ስም?» ብዬ ጠየቅሁት፣ የማላውቀው ይመስል።
ነገረኝ፤
ፊደል በፊደል።

(ከሱ በፊት የመጣው ሰው፣ ስሙን አልናገርም፣
ሃምሳ ላሞች ነበሩት፤
ስድሳ ሞቱበት።)

ቅጹ ይጠይቃል፦ ላም ናት ወይስ ጥጃ?
ቀኑስ? ክብደቷስ? የሞቷስ ማስረጃ?
ስልኩን አወጣ። አውራ ጣቱን ብርዱ ሰንጥቆት ነበር፤
ፎቶዎቹን ገልጬ ጀመርኩኝ መቁጠር።
ጎድን፣ አፍንጫ፣ ሰኮና፤ ቢጫ የጆሮ ቁጥር
ብቻውን ከነጩ ወጥቶ የሚናገር።
አርባ አንድ ጊዜ ተጫንኩት መቁጠሪያዬን።
ከዚያ በመጨረሻው ፎቶ፣ ከበረቱ በር ጎን፣
አንዲት ቀይ ላም አየሁ።

«አርባ ሁለት ናቸው» አልኩት።
«እሷ ዱቼስ ናት፤ ተያት» አለ፤ «ያቺ አሮጊት
ማዕበሉን አልፋ፣ ፀሐይ ወጥቶላት፣
ድርቆሽ እያኘከች ነው ሞት የወሰዳት።
በረዶ አልገደላትም። ዕድሜ ነው። አትጻፊያት።»

ዞሬ የአለቃዬን በር ተመለከትኩ።
«ማን ያውቃል?» አልኩት፣ በሹክሹክታ፤
የመንግሥት ደመወዝ እየበላሁ፣ እኔ፣ ይህን አልኩ።

«ዱቼስ ታውቃለች» አለ።

አባዛሁ። ከገበያው ዋጋ ከመቶ ሰባ አምስቱን
መንግሥት ይከፍላል። የቀረችው ሩብ
የማን እንደሆነች ሕጉ አይናገርም፤
እኔ ለራሴ የነፋሱ ድርሻ እላታለሁ።

ቼኩ ነሐሴ ላይ መጣ፤ ባንኩ ቀድሞ አውቆ
ተቀበለው በር ላይ፣ እንደ ዘመድ ናፍቆ።
ላም አለኝ በሰማይ ይባላል ሲተረት፤
የሐርላን ላሞች ግን በወለድ ታለቡ፣ ሳይደርሱ ከቤት።
መኖ መደብሩ ውስጥ «እንግዲህ በረደልህ?» አሉት።
«መብረዱንስ ያኔ በርዶ ነበር» አለ።
ሳቁ። እሱ ጆንያውን ተሸክሞ ወጣ።

ለመጨረሻው ፊርማ መስከረም ላይ ሲመጣ
ፒካፑ ላይ ጥጃ ጭኖ ነበር፤
ሚስቱ ሎቪላ ያን ሌሊት፣ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ፣
በፀጉር ማድረቂያ ነፍስ የዘራችባት፤
አንድ ጆሮዋን ብርድ በልቶት ያጠረ።
በሌላው ጆሮዋ ላይ ያለውን ቢጫ ቁጥር
ከወንበሬ ሳልነሣ አነበብኩት፤
አርባ ሁለት ይላል።

ስለሷ የሚጠይቅ ቅጽ የለኝም።
የማኅተሙ ቀለም እንዳይደርቅ
ክዳኑን ገጠምኩት።