ማሰሪያ

ስገባ፣
የጫማዬን ማሰሪያ ከየቀዳዳው ስበው ፈቱ፤
ቀበቶዬን፣ ሰዓቴን፣ የጸጉሬን ላስቲክ ቆጥረው
በካኪ ፖስታ ከተቱ።
ጸሐፊው ሳማት ይባላል፤ ጢሙ ገና ያልጠናለት፣
ስሜን ሁለቴ ጽፎ ሁለቴም የተሳሳተበት።
አይጃርክን፦ ብሩህ ጨረቃ ነው ትርጉሙ፤
ደበዘዘ በሱ ቀለም።
ሳቅ አልኩ። እሱም ሳቅ አለና ዋጠው።
እንዲህ ነበር ነገሩ፦
ማሰሪያዬን ፈቱና
እኔን አሰሩ።

ጥፋቴን ለሚጠይቅ፦
ቢሽኬክ ውስጥ፣ ከድሮው ቦይ ዳር፣
አርባ ሁለት ፖፕላሮች፣ ኖራ ተቀብተው እስከ ወገባቸው፣
ቆመው ነበር፤ መንገዱ ይስፋ ተባለና
ቀን ተቆረጠላቸው።
አሥራ ሦስት ሆነን ሄድን። የጨርቁ መፈክር በዝናብ ፈዟል።
ሌላ መላ ስላልነበረን
አንድ አንድ ግንድ አቀፍን።
የኔ ዛፍ ወፍራም ነበር፣ ክንዴ አልበቃውም፤
የጎደለኝን ስንዝር፣ ከግንዱ ማዶ፣
ከአሥራ ሦስታችን ያልነበረ እጅ መጥቶ ሞላልኝ፤
አውራ ጣቱ ላይ ፕላስተር ያለበት፣ ላብ ያጠመቀው።
ፊቱን አላየሁም።
ፖሊስ ሲጎትተን ቀድሞ የተላቀቀው
የሱ እጅ ይሁን የኔ፣ እስካሁን አልለየሁም።

ዳኛዋ ማራገቢያውን ወደ ራሷ አዞረች።
አራት ደቂቃ ፈጀባት።
«የሕዝብ ጸጥታ በማወክ፣ አምስት ቀን» አለች።
ጸጥታውን ያወከው መጋዙ ነበር፤
እሱ ግን ሥራ ላይ ስለነበር አልተጠራም።

ክፍሉ ውስጥ ዙራካን አለች፣
ባሏን ፈትታ የታሰረች፤
ማለቴ፣ ከፈታችው በኋላ፣ በአካፋ
የቤቱን መስኮት ሁሉ ስታደቅ ያደረች።
«ለዛፍ?» አለችኝ። «ለዛፍ ነው ያሰሩሽ?»
እስክታስል ሳቀች።
ተናደድኩ። ስለ አየር፣ ስለ ጥላ፣ ስለ ተቋራጩ ጉቦ
አንድ ሰዓት ሙሉ ሰበክኩ።
ስጨርስ ተኝታለች።

በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት፣
በፍርግርጉ ነጭ ነገር ገባ፣ ቀስ ብሎ፣
እንደ ተባዘተ ጥጥ ተንሳፍፎ።
የበረዶ ወራት ካለፈ ቆይቷል።
የፖፕላር ጥጥ ነው! ዙራካን አስነጠሳት፤
የዛፉን ዘር እስከ ሰባት ቤት ረገመች።
እኔ ግን ዘለልኩ፦
«አልቆረጧቸውም! አልቆረጧቸውም!»
እየለቀምኩ
በላላው ጫማዬ ውስጥ አጨቅኩት።

ማታ ሳማት በምግብ ቀዳዳው ጎንበስ አለ።
«የናንተ አይደለም» አለ።
«የናንተዎቹ አንቺ በገባሽበት ሌሊት አልቀዋል።
ይሄ ከግቢያችን ነው የሚበነው፣ ከግንቡ ሥር።
የእስር ቤት ዛፍ ማን ይቆርጣል?»
ይቅርታ ያለኝ መሰለኝ፤
ወይም ጉሮሮውን ጠረገ።

ዙራካን ምንም አላለች።
ከጡት መያዣዋ አንድ ኩሩት አወጣች፣
ጨው የበዛበት፣ እንደ ጠጠር የደረቀ እርጎ፣
በጥርሷ ለሁለት ገምሳ
ትልቁን ሰጠችኝ።
እስኪሟሟ ማልቀስ አይቻልም፤
አፍ ይሞላል።

በአምስተኛው ቀን እኔን ፈቱና
ማሰሪያዬን መለሱ።
አንዱ ነጭ፣ የኔ። አንዱ ቡናማ።
«ይሄ የኔ አይደለም» አልኩ።
ሳማት ፖስታውን ገልብጦ አራገፈው፤ ባዶ።
«ፈርሚ» አለኝ። ፈረምኩ፤ ስሜን ራሴ ጻፍኩት።
ከበሩ ስወጣ ቀና አልኩ፦
ስድስት ፖፕላሮች፣ ከእሾህ ሽቦው በላይ፣
መጋዝ የማይደፍራቸው፣
ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው።

ቦዩ ዳር ስደርስ ሰማዩ በዝቶ ጠበቀኝ።
ያቀፍኩትን በስፋቱ አወቅኩት።
ጉቶው ላይ ተቀመጥኩ፤ ጥጡን ከጫማዬ አራገፍኩና
ማሰሪያዬን አሰርኩ።
ቡናማው ረዘመብኝ፤ ቁርጭምጭሚቴን ሁለቴ ዞረ።
የኔን ነጭ ያሰረው ሰው፣
የትም ይሁን፣
ሳያጥረው አይቀርም።