ሃያ ኪሎ

ምድር ቤት ነኝ፣ ማትናስ፤ ክርያት ጋት መሽቷል፤
ባንክ የጣለው አታሚ አፉን ከፍቶ ያያል፤
ጥቅሉን ልቋጭ ስል፣ ገመዱን ሰክቼ፣
አባ ይርዳው ገቡ፤ «ምን ያስመሽሻል ልጄ?»

«ትንሽ ተላላኪ፣ ከዚያ ተቀብሎ
ለዚህ የሚያቀብል፣ ገመድ ተከትሎ፤
ወረፋ አያበዛ፣ መጋዘን አይሠራ፣
አሳድሮ አያውቅም የሰው ልጅ አደራ።»

«ታዲያ ምን ጠቀለልሽ?»
«ስሙን፣ ልኩን፣ ፈቃዱን፣
ሲወድቅ ማን እንደሚያነሣው፣ መግቢያና መውጫ በሩን፤
እንግዳ ማሽን ሁሉ በአንድ ቃል እንዲቀበለው።»

«ክብደቱስ?»
«ሃያ ኪሎ ባይት።»

ከኪሎ ወዲያ ያለውን አልሰሙም።
ጃኬታቸውን አወለቁ፣ እጅጌ ሰበሰቡ፦
«በይ አሸክሚኝ፤ ለአንቺ ይከብዳል።
እኛ ስንመጣ ጥቅል አይገባም ተብሎ
ባዶ እጄን ተሳፈርኩ፤
ያልተሸከምኩት ነው እስከ ዛሬ
ትከሻዬን የሚያመኝ።»

አልሳቅሁም።
ቁልፉን ተጫንኩት፤ አታሚው አንዴ ስሎ
የሙከራውን ገጽ ተፋ።
ቀለሙ የሳሳ፣ ገና ያልበረደ፣
በሁለት መዳፋቸው ላይ አኖርኩት።
ደረጃውን ወጡ፣ ቀስ ብለው፣
ጎንበስ ብለው።