ይጠብቃል

በክላይፔዳ ወደብ፣ ከነዳጅ መመርመሪያው ቤት፣
የባልቲክ ጨው ባደበዘዘው መስኮት ፊት፣
ዳይቫ ተንበርክካ የመዳብ ቱቦ ትቆርጣለች፤
አፉን ሞርዳ፣ ብናኙን በናይትሮጅን ታራግፋለች።
ዳዶውን አስቀድማ፣ ቀለበቱን አስከትላ፣
በጣቷ እስኪከብዳት፤ ከዚያ በመፍቻ፣ ሦስት ሩብ ዙር ብላ፣
ታቆማለች።
(መፍቻ ማለታችን! የሚያስረውን ዕቃ።)

«ጸጉር ታህል ብትጨምር ቀለበቱን ትጨፈልቃለህ፤
ጸጉር ታህል ብታጎድል ሌሊቱን ሁሉ ያፏጭብሃል፣
ጆሮ በማይደርስበት ፉጨት። ሳሙናም እንዳታስነካው፤
አረፋው ፍንጩን ያሳይህና ሰርጎ ገብቶ
ዓመት ሙሉ በወረቀቱ ላይ
የሌለ ነገር ጉብታ ይሠራል።»

ትናንት የክሮማቶግራፉ መስመር እንደ ሰካራም ተንገዳገደ።
ሂሊየሙ ከሲሊንደሩ ሲወጣ ንጹሕ ነው፤
ማጣሪያው ግን፣ ገና አረንጓዴ መሆን ሲገባው፣ ዐመድ መስሏል።
አየሩ በየት ገባ?
መፈለጊያውን በየመጋጠሚያው አዞርን፤
አራተኛው ላይ ጮኸ።
የእኔ እጅ ነበር። በጥቅምት፣ «መርከብ ቆሟል፣ ቶሎ በል» ሲሉኝ
ያሰርኩት።

ዳይቫ ምንም አላለችም። መፍቻውን ሰጠችኝ።

ከወደቡ ደጅ ዛሬም አንድ ታንከር መልሕቁን ጥሎ ይጠብቃል፤
እዚህ ዳዶው በእጄ ሥር ቀስ እያለ ይጠብቃል።
የመርከቡን አጥብቆ፣ የዳዶውን አላልቶ
ያነበበ ሰው ሥራውን ያውቃል።

መፈለጊያውን መለስኩ። ዝም።
በአዲሱ ማጣሪያ ላይ ዳይቫ ቀኑን ጻፈች፤
ከቀኑ ሥር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣
የእኔን ስም።