ልክ

በአት-ባሺ ገበያ፣ ከበጎች በር በላይ፣
ሼርማት ቡትስ ይሰፋል፣ ቀና ብሎ ሳያይ።
በአፉ ሰም ያለው ክር፣ በጉልበቱ ቆዳ፣
ሰላምታው ጉርምርምታ፣ ለዘመድም ለእንግዳ።

«ጫማ ፈለግሁ» አልኩት፣ «ለስድስት ቀን መንገድ፣
ከወንድሜ ፈረሶች ጋር ወደ ሶን-ኩል ልሄድ።»
ዓይኔ ግን ቀድሞኛል፤ ከመደርደሪያው ጫፍ
አንድ ቀይ ጥንድ አለ፣ አንገቱ ላይ ጥልፍ፤
ሹል ነው አፍንጫው፣ እንደ ወፍ ምንቃር፣
ከመጫማቱ በፊት፣ ሲያዩት የሚያስፎክር።

«ስንቱን በኮርቻ፣ ስንቱን ነው በእግርሽ?»
«ፈረስ እያለኝ?» አልኩ።
«ሳቂ፤ ጥርስ አለሽ።
ቁልቁለቱ ሲመጣ፣ ድንጋይ ሲንከባለል፣
ፈረሱ ራሱ ነው፣ ‹ውረጂልኝ› የሚል።
ያን ጊዜ ይህ ቀዩ፣ ሲያምርብሽ የዋለ፣
ተረከዝሽን ልጦ፣ በቀይ ላይ ቀይ አከለ።»

«እንግዲያስ ይኸኛው» ብዬ እግሬን ዘረጋሁ፣
ከቢሽኬክ የገዛሁትን ሸራ ጫማ አሳየሁ።
ጎንበስ ብሎ ዳሰሰው፤ ማሰሪያውን ሳበ፤
ሶሉን በአውራ ጣቱ አጥፎ አነበበ።
«ለስላሳ ነው፤ ደግ ነው፤ ግን ተረከዝ የለው፣
እርካብ ውስጥ ሲገባ ማን ነው የሚያስቆመው?
እንደ አይጥ ይሾልካል፣ እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ፤
ከዚያ ወዲያ ልጓሙን የያዘው ነው ፈረስ።»

«የአባቴ የጦር ቡትስ?»
«ከወንዝ ስትወጪ፣
ሁለት ባልዲ ውሃ ይዘሽ ነው የምትመጪ።»

ዝም አልኩ። ዝም አለ። መርፌው ብቻ ሄደ፤
ገባ፣ ወጣ፣ ዞረ፣ ቋጠሮ ወለደ።
ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቀው፦

«ኤሰን የሚባል ታናሽ ወንድም ነበር፤
እግሩን አውቀው ነበር፣ ያለ ሜትር፣ በስንዝር።
ለሠርጉ ሰፋሁለት፣ ሙያዬን ላስመሰክር፣
በቆዳውና በእግሩ መሃል የማይገባ ክር።
ሰው ሁሉ ‹ልክ ነው› አለ። ልክ ነበር፣ ልክ።
በናሪን ድልድይ ላይ፣ ፈረሱ ሲንበረከክ፣
እርካቡ ቡትሱን ይዞ፣ ቡትሱ እግሩን ይዞ፣
ማንም አልለቀቀም፣ እስከ ወፍጮው ጉዞ።»

በደጅ የታሰረው ቶሩ የሰው አጥር ያኝካል።
ሰማሁት። ሌላ የምሰማው አልነበረም።

ሼርማት ተነሳና፣ ከአልጋው ሥር ጎተተ፣
በሌላ ሰው ርምጃ ጎኑ የታሸተ።
አጭር ነው ተረከዙ፣ ግን ተረከዝ አለው፤
ሰፊ ነው አፍንጫው፤ ስፌቱ በውጭ ነው፤
ወደ ፈረሱ ሆድ በሚዞረው በኩል
አንዲት ቋጠሮ የለም፤ ልስልስ እንደ ቅል።
«የሚስቴ ነው» አለ። «አሥራ አራት በጋ ከበጎች ጋር ወጥታ፣
አንድም ቀን አልመጣች፣ በእግሯ ተቆጥታ።
በእኔ እንጂ።

ከሱፍ ካልሲ ጋር ነው፤ አንድ ጣት ቦታ ይቅር፤
ላም ስታልቢ አድርጊው፣ ስትውዪ በሠፈር።
ከመንገድ በፊት ይልመድሽ፤ አንቺም ልመጂው።»

«ቀዩስ?»
«እሱ ለፎቶ ነው። ለፎቶ ነዪና ግዢው።»

«ይህስ ስንት ነው?»
«ስትመለሺ እግርሽን አየዋለሁ፤
ውሃ የቋጠረ ካለ፣ እኔ እከፍላለሁ።»

በሦስተኛው ቀን፣ ከሞልዶ-አሹ ወዲህ፣
ቶሩን ጭቃ አዳለጠው፤ እንዴት ልበል—እንዲህ—
እኔ በአንድ ካልሲ ሣሩ ላይ ቀረሁ፤
አንዱ ቡትስ እርካብ ላይ ብቻውን ሲጋልብ አየሁ።

ሳቄ መጣ። ከሳቁ ኋላ ሌላም ነገር መጣ።
ወንድሜ ፈረሱን አሳዶ እስኪመለስ
እርጥቡን ካልሲ አውልቄ ጣቶቼን ቆጠርኩ፤
ተረከዜን ወደ ፀሐይ አዙሬ አየሁት።
ጭቃ አለ። ሣር አለ። የአንድ ጉንዳን መንገድ አለ።
ውሃ የቋጠረ የለም።

ከፋይዋ እኔ ነኝ።