በእርጥብ ጣት

አያ አለልኝ ጣቱን ጣና ውስጥ ይነክራል፣
ቆርቆሮ ገበታዬ ላይ ተራራ ይሠራል።
ቀረሶ የምበልትበት፣ ቅርፊት የተጣበቀበት፣
ጠርዙን ዝገት የበላው፣ ጉና የሚወጣበት።

«ይኼውልሽ ጋሳይ፤ መኪናው እዚህ ያወርድሻል፣
ዳገቱ ሲጀመር ለስለስ ብሎ ያታልልሻል።
ገብሱን በቀኝ ትተሽ፣ ካቡን እንዳለፍሽ ይበርድሻል፣
አስታው ቁመቱ ሲያጥር ያንቺም ትንፋሽ ያጥርሻል።
ሰው የሰነፍ መንገድ ይለዋል፤ እኔ የአህያ ነው እላለሁ፣
ከነጭነቷ ስትወጣው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

ጣቱን ደግሞ ይነክራል።

«ሁለተኛው በክምር ድንጋይ፤ አጭር ነው፣ ግን ቂመኛ፣
ጠዋት ሰላም ይልሻል፣ ከቀትር ወዲያ ነገረኛ።
ገደሉ አፍ ላይ ጅብራ ቆሟል፣ እንደ ዘብ፣ አንድ ባንድ፣
ጉም ሲወርድ ሰው ይመስላል፤ ‹ደኅና ዋልክ› እንዳትይ ለግንድ።
እኔ ብያለሁ። የካርታ ሠሪዎቹን ባለሦስት እግር ተሸክሜ፣
ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣ ቀጥ ብዬ ቆሜ፣
ለጅብራ እጅ ነሥቻለሁ።»

ይኼን ሲል ፀሐይ አለች። የባሕር ዳር ፀሐይ ምን ታውቃለች?
ከታች ጀምራ ጋሳይን፣ ገብሱን፣ ካቡን ትልሳለች።
እሱ አናቱን ሲጨርስ ተራራው እግሩን ያጣል፤
ደግሞ ጣቱን ይነክራል፣ ደግሞ ከጋሳይ ይወጣል።

«ሦስተኛውስ?» አልኩት፣ ቢላዬን በሽርጤ ጠርጌ።
«ሦስተኛው ጉማራ ነው። ወንዙን ይዘሽ፣ ወደ ኋላ።
በእግሩ የጨረሰው ሰው አላውቅም።
ይኼ ዓሣ የምታጥቢበት ውኃ ጨርሶታል፤
እሱም ቢሆን ቁልቁል።»

«ከላይስ ምን ይታያል?»
እዚህ ላይ ድምፁ ይለወጣል።
«ጣና! እንደ ጠገራ ብር፣ ከነደሴቶቿ፤
እጅሽን ብትዘረጊ ኪስሽ የምትከቻት።»

መስከረም ሊጠባ ሲል ሄድኩ፣ ዓሣ በጠፋ ሰሞን።
በጋሳይ፣ በአህያ መንገድ። ምን ያሳፍራል?
ጭቃው ሁለቴ ጫማዬን ነጠቀኝ።
ገብሱ በቀኝ ነበር።
ካቡ የለም፤ ድንጋዩን ለቤት መሠረት ወስደውታል።
አስታው ሲያጥር ትንፋሼ አጠረ።
ጅብራዎቹን «ደኅና ዋላችሁ» አልኳቸው፤ ሆን ብዬ።

አናቱ ላይ ጉም። ከጉሙ በላይ ጉም።
የዘረጋሁት እጄ ክርኑ ላይ አለቀ።
ስልኬ ላይ አንዲት የኔትወርክ መስመር ብቅ ስትል ደወልኩ።
«ደረስሽ?»
«ደረስኩ።»
«ትታያለች?»
ከበስተጀርባው ሞገድ ይሰማል፣ የጀልባ ሞተርም፣
ገበታዬን የሚያጥብ ሰውም።
ልዋሽ አፌን ከፈትኩ፤ ብርድ ገባበት።
«ጉም ነው፣ አያ አለልኝ። ምንም።»

ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ፤ ሳል እስኪያፍነው ሳቀ።
«እኔም» አለ። «እኔም፣ ልጄ። ዘጠኝ ቀን ከርመን ዘጠኝ ቀን ጉም።
መጀመሪያ ለእናቴ ብዬ ዋሸሁ፣ ደስ እንዲላት፤
ከዚያ ለሰው ሁሉ፤ ከዚያ ራሴም አመንኩት።
አደራ፣ ለማንም እንዳትነግሪ።
ውኃው ብቻ ነው የሚያውቀው።»

ስወርድ ክር የምታህል ውኃ ከመንገዱ ዳር አብራኝ ወረደች።
ጉማራ ትሁን አትሁን አልጠየቅኋትም።
ጣቴን ነከርኩና ድንጋይ ላይ ሣልኳት፣
ክብ፣ ከነደሴቶቿ።
እዚያ ብርድ ነው፤
ቶሎ አልደረቀችም።